ከውጭ የመጣ ራውተር ባህር ዳር ላይ፦ ስፒና መቀየሪያ፣ ትራንስፎርመር ወይስ ሌላ አዳፕተር?

እህቴ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ራውተር ይዛልኝ መጣች። ቤታችን ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶታል፣ ዶሮው ቀርቧል፣ እኔ ደግሞ ልታይ ልታይ ብሎኝ ያንን ባለ ሁለት ጠፍጣፋ እግር አዳፕተር ከገበያ በገዛኋት ስፒና መቀየሪያ ላይ ሰክቼ ግድግዳው ላይ ቀረቀርኩት። ጧ አለ። ከዛ የላስቲክ ሽታ፣ ከዛ እናቴ ከጓዳ «ደሞ ምን አቃጠልክ?»። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፣ በቃ፣ ሌላ ቁጥር የለም።

የሚገርመው ራውተሩ አልሞተም ነበር። እሱን ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሮጌ ሞደም የተረፈ አዳፕተር አግኝቼ ቁጥሩን አመሳክሬ ስሰካበት ነው፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ ቦግ ቦግ ሲሉ ሙት የተነሳ ነው የመሰለኝ፣ ፋሲካም አይደል። የተሰዋው አዳፕተሩ ብቻ ነበር።

ከዛ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ከአሜሪካ ከዱባይ ከጅዳ እቃ የመጣለት ሰው ሁሉ በፌስታል ይዞ እኔጋ ይመጣል፣ አንዴ ያቃጠለ ሰው ይታመናል መሰለኝ። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ «ትራንስፎርመር ልግዛ ወይ?»። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ አትግዛ ነው፣ ለምን እንደሆነ ነው እዚህ ረዘም አርጌ የምጽፈው። የትኛው ብራንድ ይሻላል የሚለውን አልነካም፣ እሱ እንደ ኳስ ክርክር ማለቂያ የለውም።

በምን እንመዝነው

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛው ላይ እንስማማ፣ ካልሆነ አንዱ ርካሽ ነው ይላል አንዱ ጠንካራ ነው ይላል ሳንግባባ እንቀራለን።

አንደኛው ግልፅ ነው፣ የኛን ግድግዳ ይችላል ወይ። ግድግዳችን 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ። አውሮፓና ዱባይ 230 አካባቢ ሆኖ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዛ የመጣ እቃ የቮልት ጣጣ የለበትም፣ የሚለየው የስፒናው ቅርፅ ነው፣ የዱባዩ ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን እግር ያለው የእንግሊዞቹ ዓይነት ነው፣ የጀርመኑ እንደኛው ሁለት ክብ እግር ነው። ሳዑዲ ትንሽ ትለያለች፣ ድሮ ብዙ ቤት የሚገባው 127 ቮልት ነበር፣ አሁን ወደ 230 ዞረዋል ግን ኸርዙ 60 ነው፣ ስለዚህ ከጅዳ የመጣ የቆየ እቃ ከሆነ ጀርባውን ሳታዩ እንዳትሰኩ።

ሁለተኛው መመዘኛ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ የኛን *መብራት* ይችላል ወይ። 220 ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። ማታ አንድ ሰፈር ሙሉ ምጣድ ሲጥድ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ሃያ ቤት እኩል ሲጋግር የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ያ ቀጭን መስመር አይችለውም፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ የበለሱ 460 ሜጋዋት ማመንጫ ውሃውን ከዚሁ ከጣና እየቀዳ፣ ይሄ ለምን ይሆናል ብሎ የሚናደድ ሰው አለ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ግን ማመንጨትና ሰፈር ድረስ አድርሶ ማከፋፈል ሁለት የተለያየ ስራ ነው። ሌላው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ምት ነው፣ ብዙ እቃ የሚሞተው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው።

ከዛ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይቀጥላል ወይ፣ እቃው ከገባላችሁ መስመር ጋር (ፋይበር፣ የስልክ ሽቦ፣ ሲም) ይግባባል ወይ፣ ሲበላሽስ እዚሁ ገበያ ምትክ ይገኛል ወይ። ዋጋም አለ፣ ግን የዛሬው የብር ዋጋ ለነገ ስለማይሆን ርካሽ መካከለኛ ውድ እያልኩ ነው የማልፈው።

የአዳፕተሩ ጀርባ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና የአዳፕተሩን ጀርባ ፎቶ አንሱ፣ ጽሑፉ ስለሚያንስ አጉልታችሁ እዩት። ሁለት መስመር ፈልጉ።

ኢንፑት የሚለው ከግድግዳ የሚቀበለው ነው። እዛ ላይ 100-240 ካለ ተገላገላችሁ፣ ከአሜሪካ ይምጣ ከጃፓን እዚህም ይሰራል፣ 50/60 ኸርዝም ይላል አብሮ። 120 ብቻ ወይም 110-127 ካለ ግድግዳችን ይገድለዋል። አሁን አሁን የሚመረቱት ቀላል አዳፕተሮች አብዛኞቹ 100-240 ናቸው፣ ከባድ ሆኖ እንደ ድንጋይ እጅ ላይ የሚከብደው ነው የሚጠረጠረው፣ ውስጡ የብረትና የመዳብ ትራንስፎርመር አለ ማለት ነው። ክብደት ግን ምልክት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ የኔው ቀላል ነበር ጉድ ያረገኝ።

አውትፑት የሚለው ለራውተሩ የሚሰጠው ነው። ራውተር ላይ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 9 ወይም 12 ቮልት ነው የሚያጋጥማችሁ። እዚህ ላይ አንድ ህግ አለ፣ ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ አምፒሩ ግን እኩል *ወይም የበለጠ*። ራውተሩ 12 ቮልት 1 አምፒር የሚል ከሆነ 12 ቮልት 2 አምፒር አዳፕተር ብትሰኩበት ምንም አይሆንም፣ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው። ግማሽ አምፒር ብትሰኩበት ግን ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ ሰው «ኔትወርኩ ነው» ይላል፣ አዳፕተሩ ነው። 5 ቮልት ራውተር ላይ 12 ቮልት መሰካት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፣ እሱንም አድርጌዋለሁ፣ ጫፉ ልክክ ብሎ ስለገባ ልክ መሰለኝ፣ ድምፅ እንኳን አላሰማም፣ ዝም ብሎ ነው የሞተው፣ ሁለተኛም አልተነሳም።

ሌላ ሁለት ጥቃቅን ነገር። አንዱ ጫፉ ነው፣ ክቧ ጫፍ ከውጭ 5.5 ሚሊ ሆና ውስጧ 2.1 ወይም 2.5 ሚሊ ትሆናለች፣ ከሩቅ አንድ ናቸው፣ ግን 2.5ቷ 2.1 ላይ ስትገባ ላላ ብላ ሲነኳት የምትጠፋ ትሆናለች፣ 2.1ዷ ደሞ 2.5 ላይ ጭራሽ አትገባም። ሁለተኛው ፖላሪቲ ነው፣ አዳፕተሩ ላይ መሃሏ ነጥብ ያላት ክብ ስዕል አለች ግራና ቀኟ ፕላስና ማይነስ የተጻፈባት፣ የራውተር አብዛኛው መሃሉ ፕላስ ነው፣ ራውተሩም ላይ ያው ስዕል ካለ አስተያዩዋቸው። አውትፑቱ ላይ ከቀጥታ መስመር ይልቅ የተጠማዘዘች ምልክት ካለች ደግሞ ኤሲ (እንደ ግድግዳው ያለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚያወጣ አዳፕተር ነው፣ የድሮ ሞደሞች ላይ ያጋጥማል፣ እሱን በተራው ዲሲ አዳፕተር ዝም ብላችሁ አትተኩት።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ስፒና መቀየሪያ ብቻ።* ቅርፅ ነው የሚቀይረው፣ ቮልት አይቀይርም፣ ይሄን አስር ጊዜ ብደግመው ደስ ይለኛል። ጀርባው 100-240 ለሚል አዳፕተር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ ርካሽ ነው፣ እንደውም ያ ሁሉን ስፒና የሚቀበለው ኤክስቴንሽን ቤታችሁ ካለ እሱም አያስፈልግም። ችግሩ ግን ሁሉን እቀበላለሁ የሚለው ቀዳዳ አንዱንም ጥብቅ አርጎ አይዝም፣ በተለይ የአሜሪካንን ጠፍጣፋ እግር፣ አዳፕተሩ በክብደቱ ወደታች ይወድቃል፣ ብልጭ ይላል፣ ይሞቃል፣ ቀስ እያለ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑን መሬት ወይም መደርደሪያ ላይ አስተኙትና አዳፕተሩ ከላይ እንዲቀመጥ አርጉት፣ አትስቀሉት። እንዲገባልኝ ብላችሁ ሦስተኛዋን እግር በፒንሳ አትቁረጡ፣ ያቺ የምድር ናት። የዱባይ ኤክስቴንሽን ላይ ደግሞ ላይኛዋን ቀዳዳ በእስክሪብቶ እየከፈቱ ባለ ሁለት እግሩን መሰካት የለመደ ሰው አለ፣ መቀየሪያዋ የእስክሪብቶ ዋጋ ነው እኮ።

ቮልት መውረድ ላይ ይሄ አማራጭ ይበልጣል። ከ100 ጀምሮ የሚሰራ አዳፕተር ማታ መስመሩ ወደ 150 ቢወርድ አያውቀውም፣ ለራውተሩ ያችኑ 12 ቮልት ይሰጣል፣ የሳሎኑ አምፖል ደብዝዞ ዋይፋዩ ግን ደህና የሆነበትን ማታ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው።

*እዚሁ አዳፕተር ገዝቶ መተካት።* ያመጣችሁት አዳፕተር 120 ብቻ ከሆነ እኔ የምመክረው ይሄን ነው። የአሜሪካንን አዳፕተር ለእህትህ መልስላት፣ ወይም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው፣ አውትፑቱ እኩል የሆነ ባለ 220 አዳፕተር ግዛ። 12 ቮልት 1 እና 2 አምፒር የሌለበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የለም፣ የሴኩሪቲ ካሜራና የኤልኢዲ መብራት ሰዎች ስለሚጠቀሙበት። 9 ቮልት ትንሽ ፍለጋ ያስፈልገዋል፣ 5 ቮልት ደግሞ ጫፉ ክብ የሆነ የዩኤስቢ ኬብል ካገኛችሁ በስልክ ቻርጀር ይሄዳል። ችግሩ ፎርጅዱ ነው፣ ላዩ ላይ 2 አምፒር ተጽፎ ውስጡ 1 እንኳን የማይሞላ አለ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ብቻ አትመኑት፣ ራውተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስልክ አገናኙበት፣ አስር ደቂቃ ቪዲዮ ይጫወት፣ እጃችሁን አዳፕተሩ ላይ አርጉ። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ መልሱት። ባለሱቁ ካልታገሰ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

*ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር።* ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው፣ ለብሌንደር ወይም ለፀጉር ማሽን ይገባኛል፣ ለራውተር ግን ላሜን ላንዲት ኩባያ ወተት እንደማረድ ነው። ራውተር አስር ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ ትራንስፎርመሩ ባዶውን ተሰክቶ ቢቀመጥ ራሱ ጥቂት ዋት ይበላል፣ ይሞቃል፣ ሌሊት ሌሊት ህምምም ይላል፣ ቀንና ሌሊት ተሰክቶ ስለሚኖር ደሞ የካርድ ቆጣሪው ላይ በወር የሆነች ነገር ትታያለች። ኸርዙንም አይቀይርም፣ 60 ኸርዝ ብቻ የተባለ የብረት አዳፕተር 50 ላይ ሲሰራ ከልኩ በላይ ይግላል።

ከሁሉ በላይ ግን የምጣዱ ሰዓት ነው። ትራንስፎርመሩ የሚያውቀው ማካፈል ብቻ ነው፣ ለሁለት ያካፍላል በቃ። 220 ሲገባ 110 ይወጣል፣ ማታ 150 ሲገባ 75 ይወጣል፣ 120 የለመደው አዳፕተር በ75 ምን ያርግ፣ ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል። መብራት ሲመጣ ያለውን ምትም እንዲሁ አካፍሎ ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀረውም። መቼ ነው የምትገዙት? ጫፉ እዚህ የማይገኝ፣ አውትፑቱ እንግዳ የሆነ (ኤሲ ወይም ሁለት ዓይነት ቮልት የሚያወጣ) አዳፕተር ሲሆን ብቻ፣ ያኔም 100 ዋት ይበቃችኋል፣ ባለ 2000 ዋቱን ተሸክማችሁ አትምጡ።

*የመንገደኛ ኮንቨርተር።* ይቺ ኤርፖርት ውስጥ የምትሸጠው ቀላልና ትንሽ ሆና 1600 ዋት እችላለሁ የምትለው ናት። ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ ነው የተሰራችው፣ ሞገዱን ቆራርጣ ነው ቮልት የምታወርደው፣ ለኤሌክትሮኒክስ አትሆንም፣ ለቀናት ተሰክታ እንድትቀመጥም አልተሰራችም። ዘለልናት።

*ሚኒ ዩፒኤስ።* አሁን ወደምወደው መጣን። በአዳፕተሩና በራውተሩ መሃል የምትገባ ውስጧ የሊትየም ባትሪ ያለባት ትንሽ ሳጥን ናት፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ሳይጠፋ ይቀጥላል። ላይዋ ላይ 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ቢል እንዳትደነቁ፣ እሱ ቁጥር በባትሪው 3.7 ቮልት ነው የሚለካው፣ ስታባዙት ወደ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ ብክነቱን ቀንሳችሁ 6 ዋት ለሚበላ ራውተር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ያውም ቁጥሩ እውነት ከሆነ። ስትገዙ አውትፑቷ 12ም 9ም 5ም እንዳላት፣ ሁለት እቃ እኩል መያዝ መቻሏን እዩ፣ ምክንያቱም ፋይበር ያላችሁ ሰዎች ራውተሩን ብቻ አብርታችሁ ያቺ ግድግዳ ላይ ያለችውን የፋይበር ሳጥን ከረሳችኋት ዋይፋይ ሙሉ ያሳያል፣ ኢንተርኔት የለም። ፋይበር ላይ ደስ የሚለው ከቴሌ ጣቢያ እስከ ቤታችሁ ባለው መሃል መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ መብራት አይፈልግም፣ ብርሃኑን በመስታወት መከፋፈል ብቻ ነው ስራው፣ ስለዚህ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ እናንተጋ ሊሰራ ይችላል። የሞባይል አንቴና ግን የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር እስካለ ነው።

ፓወር ባንክ ላይ 12 ቮልት የሚያወጣ ኬብልም ይሸጣል፣ 5 ቮልቱን ከፍ አርጎ ነው፣ ከተራ ፓወር ባንክ ግን ከግማሽ አምፒር ብዙም አይዘልም፣ ለትንሽ ራውተር ይሆናል ለትልቁ አይሆንም።

| አማራጭ | 220 ይችላል? | ማታ ቮልት ሲወርድ | መብራት ሲጠፋ | ዋጋ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ስፒና መቀየሪያ | ጀርባው 100-240 ካለ ብቻ | ጥሩ | ይጠፋል | በጣም ርካሽ | አዲስ እቃ ለመጣለት |
| እዚህ የተገዛ አዳፕተር | አዎ | ኦርጅናል ከሆነ ጥሩ | ይጠፋል | ርካሽ | አዳፕተሩ 120 ብቻ ለሆነበት |
| ትራንስፎርመር | አዎ | መጥፎ | ይጠፋል | ውድ | ምትክ ለማይገኝለት አዳፕተር |
| የመንገደኛ ኮንቨርተር | ለራውተር አይሆንም | መጥፎ | ይጠፋል | መካከለኛ | ለማንም አይሆንም |
| ሚኒ ዩፒኤስ (ከአዳፕተር ጋር) | በአዳፕተሩ ይወሰናል | በጣም ጥሩ | ይቀጥላል | መካከለኛ | መብራት ለሚጠፋበት ሁሉ |

ማዕበሉን አልረሳሁትም። ክረምት ላይ ጣና ላይ ያ ሰማይ ሲጠቁር አዳፕተሩን ብቻ ሳይሆን የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ፣ መብረቅ በመዳብ ሽቦ ገብቶ ሞደም ያቃጥላል፣ ብዙ ሰው መብራቱን ነቅሎ በስልኩ መስመር ነው የሚቃጠልበት። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ እሱ አያመጣም። ለፍሪጅ የሚሸጠው መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ለራውተርም ያገለግላል፣ ፍሪጁ ላይ ካለ እዛው አብራችሁ ሰኩት።

ራውተሩ ራሱስ?

መብራቱ ተስተካክሎ እቃው የማይሰራበት ጊዜ አለ፣ ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ምክንያቱም ሰው አዳፕተር ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ከአሜሪካ የሚመጣው ግማሹ የኬብል ሞደም ነው። ጀርባው ላይ እንደ ዲሽ ገመድ የሚጠመዘዝ ክብ መግቢያ ካለው በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣ ኢንተርኔት ነው የሚጠብቀው፣ እንደሱ ያለ መስመር ባህር ዳር የለም። አንዳንዱ ውስጡ ያለው ዋይፋይ ብቻውን እንዲሰራ ይፈቅዳል፣ ብዙው አይፈቅድም። የሞባይል ድርጅቶች በወር ክፍያ የሚሰጡት የቤት ሳጥንም እንደዛው ነው፣ በድርጅቱ ሲም ተቆልፏል፣ ሲቋረጥም መመለስ ያለበት እቃ ነው፣ ይዛችሁ አትምጡ።

በሲም የሚሰራ የኪስ ሆትስፖት ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ከመቆለፊያ ነፃ ነው ወይ፣ ባንድ 3 አለው ወይ። ኢትዮ ቴሌኮም 4ጂውን በዋናነት የሚያስኬደው 1800 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ እሱ ባንድ 3 ይባላል፣ የአውሮፓና የዱባይ እቃ ላይ የተለመደ ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሰራ ላይ ግን ሊጎድል ይችላል። ከጎደለ 3ጂ ላይ ይንፏቀቃል። ሞባይል ዳታ ራሱ ከሌለ ደሞ ምንም ሆትስፖት አያድንም፣ በ2015 ክረምት ዳታ ሲቋረጥ የኔው መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው።

ተራ ራውተር፣ ማለትም WAN (ዋን) የሚል የኔትወርክ ገመድ መግቢያ ያለው፣ ከየትም ይምጣ ይሰራል። ቴሌ የሰጣችሁን የፋይበር ሳጥን ለመተካት አትሞክሩ፣ እሱ በቁጥሩ እነሱጋ ተመዝግቧል፣ ከውጭ ያመጣችሁትን በኔትወርክ ገመድ ከኋላው ቀጥሉት። አክሰስ ፖይንት በሚለው ሞድ (ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ) ብታረጉት ይሻላል፣ ካልሆነ ሁለቱም አድራሻዬ 192.168.1.1 ነው ብለው ሊጣሉ ይችላሉ።

ዋይፋዩ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የአሜሪካ እቃ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1 እስከ 11 ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ የአውሮፓው እስከ 13 ይሄዳል። የአውሮፓ ራውተር በራሱ ቻናል 13 መርጦ የአሜሪካ ስልክ የያዘው የአክስቴ ልጅ «ዋይፋይህ አይታየኝም» ያለኝ ቀን ከሰዓት በኋላዬ በሙሉ በሱ አለቀ። 1፣ 6 ወይም 11 ላይ በእጃችሁ አስሩት። 5 ጊጋ ላይ ደግሞ ከ36 እስከ 48 ያሉት ሰላማዊ ናቸው፣ ከ52 በላይ ያሉት ብዙዎቹ ራዳር አለ ወይ ብሎ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አዳምጦ ነው የሚነሳው፣ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ያንን መጠበቅ ያስመርራል። 6 ጊጋ አለው ተብሎ ለተወደደ ራውተር ስልካችሁ 6 ጊጋ ካልያዘ ትርፍ አትክፈሉ።

ለሱቅ ብላችሁ በብዛት የምታስገቡ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን የእቃ ዓይነት ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ብር ከመላካችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።

እናንተጋ የትኛው ይሄዳል

ፔዳ ወይም ፖሊ (የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች) አካባቢ ተከራይታችሁ የምትማሩ ከሆነ ከውጭ ራውተር አታስመጡ፣ እውነቴን ነው። አንድ ክፍል ነው፣ እዚሁ የሚሸጠው ትንሹ ይበቃል፣ ሲሞት ምትኩ ጥግ ላይ ነው። ዘመድ የግድ ላምጣ ካለ ሚኒ ዩፒኤስ ይምጣ፣ ወይም ከመቆለፊያ ነፃ የሆነ ባንድ 3 ያለው ሆትስፖት፣ ቻርጅ የሚደረገው በዩኤስቢ ስለሆነ የቮልት ጣጣም የለው።

ፋይበር የገባላችሁ ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ በተለይ ዲያስፖራ ሰፈር እንዳሉት ፎቅ ቤቶች፣ ከውጭ የመጣ ጥሩ ራውተር ዋጋ አለው፣ ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ሲግናል ስለሚውጥ። ሁለት ሦስት ሆኖ የሚመጣው ሜሽ (እርስ በርሱ እየተገናኘ ዋይፋይ የሚያዳርስ) ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን አዳፕተር ለየብቻ እዩ። ላኪው አካውንቱ ላይ መዝግቦት ከሆነ ከመላኩ በፊት ከአካውንቱ ያውጣው፣ ሪሴት ያርገው፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሱን ፓስወርድ በስልክ መለመን ነው የሚመጣው። አዳፕተሩ ላይ ስፒና መቀየሪያ ወይም ምትክ፣ ከዛ ሁለት መውጫ ያላት ዩፒኤስ፣ ሌላ አያስፈልግም።

ሐይቁ ዳር ካፌ ወይም ማረፊያ ያላችሁ ደግሞ ከዋይፋዩ በፊት ስለ ቦታው አስቡ። ጎጆ ጎጆ ሆኖ የተሰራ ግቢ ከሆነ አንድ ትልቅ ራውተር ከማስመጣት ሁለት ሦስት ትንንሽ በገመድ ማገናኘት ይሻላል፣ ከቆርቆሮ ስር አትስቀሉት፣ ቆርቆሮው ሲግናሉን ይመልሰዋል፣ ቀን ቀን ደሞ እንደ ምድጃ ነው። እርጥበቱና ነፍሳቱም አለ፣ ማታ መብራቷን አይተው የአየር ቀዳዳዋ ውስጥ ይገባሉ፣ አንዱን ከፍቼ ግማሹ ቢንቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘጌ በጀልባ ይዞ የሚሻገር ካለ አዳፕተሩን ሁለት ይያዝ፣ እዛ ሆኖ ባለ 12 ቮልት ፈልጎ መምጣት ግማሽ ቀን ነው።

እህቴ ሰሞኑን ደውላ «ዘንድሮ ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ የአዳፕተሩን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። «የምኑን አዳፕተር?» አለች። የምታመጪውን ሁሉ አልኳት። ማታ ስድስት ፎቶ ላከች፣ አምስቱ 100-240 ይላሉ፣ ስድስተኛው የእማዬ የቡና መፍጫ ነው፣ 120።